የርቢ ድመቶች

ድመት በርቢ የሰጠች ሴት በባሕር ዳር ምድር ከእኔ በፊት አልነበረችም፤ ከእኔ በኋላም የምትመጣ አይመስለኝም። ላም በርቢ ይሰጣል፣ በግም ፍየልም ይሰጣል። ባለከብቱ ግጦሽ ሲያጣ ወይም እጅ ሲያጥረው ላሟን ለሌላ ሰው ይሰጣታል፤ ያ ሰው ያበላታል፣ ያልባታል፣ የወለደችውን ይካፈላሉ፣ እናቲቱ ግን የባለቤቷ ናት። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ድመትን ግን እኔ ጀመርሁት። ያኔ የሳቁብኝ ዛሬም ይስቃሉ፤ ይሳቁ። እኔ ግን የጀመርሁት ለሳቅ አልነበረም።

ጊዜው ጣልያን የገባበት ነው። ሃያ ዓመት አልሞላኝም፣ ባሌን ንዳድ ገድሎብኛል። የደብተራ ልጅ ነበር፣ ድምፁ ያማረ፤ በሦስት ቀን ትኩሳት ሄደ። ልጅ አልወለድንም። ተዝካሩ እንደወጣ ወንድሞቹ በሬዎቹን ነዱና ጎጆዋንና እንዝርቴን ተዉልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። የእኔ ወገኖች ሩቅ ናቸው፤ ተመልሼ ብሄድ ደግሞ ለማን እንደሚድሩኝ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቀረሁ። ጥጥ እየፈተልሁ በፈትሌ አድራለሁ። ቀኑስ ይሄዳል፤ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ በሬን ስከፍት ግን ቤቱ ጭር ይልብኝ ነበር። እህል ቀምሼ አፌን ስጠርግ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከአንድ ሰው በቀር ከማንም ጋር እንዳልተነጋገርሁ ትዝ ይለኛል።

ያለችኝ አንዲት ጎረቤት ነበረች። ጎጆዬ በቤተ ክርስቲያኑ ወገን የመጨረሻዋ ናት፤ ከእኔ ቀጥለው እስከ ሐይቁ ዳር ያሉት እስላሞች ናቸው፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፣ ትንሽ ትንሽ ይነግዳሉ። የእሷ ባል ታንኳ ሠሪ ነበር። እሷ እኩያዬ ናት፣ አፏ አያርፍም፣ በማያስቀው ሁሉ ትስቃለች። በመካከላችን የቅንጭብ አጥር አለ፤ በአጥሩ ላይ አንዲት ቀዳዳ ነበረች። መጀመሪያ እሳት የምንቀባበልባት ነበረች፤ ከዚያ ወሬ እየተቀባበልን ሰፋች፤ በመጨረሻ ጎንበስ ብለን የምናልፍባት በር ሆነች። ባሌ የሞተ ጊዜ ዘመዶቹ በዋናው በር ገብተው አለቀሱና ሄዱ፤ እሷ በቀዳዳዋ እየገባች አርባ ቀን ሙሉ ከጎኔ ተቀመጠች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚሉት እሷን አይተው ነው።

በዚያች ቀዳዳ የምታልፍ አንዲት ድመት ነበረቻት። አመድማ፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ሆዷ ባዶ ሆኖ የማያውቅ ሁልጊዜ እርጉዝ። እኛ የእስላም ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የክርስቲያን አይበሉም፤ እሷና እኔ አንድ ቀን እንኳ ከአንድ ወጥ ጠቅሰን አናውቅም። ድመቷ ግን እነሱ ዘንድ ሲታረድ እዚያ ትበላለች፣ እኛ ዘንድ ሲታረድ ወደ እኔ ትመጣለች። «ይቺስ ሃይማኖት የላትም» ትለኝ ነበር። «ሁለት አላት እንጂ» እላታለሁ። በዚህ ስንስቅ ይመሻል።

እንግዲህ አንድ ጠዋት የጣልያን አስተርጓሚ ኖራ በባልዲ የያዘ ሰው አስከትሎ መጣ። ከሐይቁ ዳር ጀምሮ ያለው ቦታ ለጦሩ ሰፈር ይፈለጋል፣ በስምንት ቀን ልቀቁ አለ። ኖራ የያዘው በየበሩ መቃን ላይ እየቀባ ወደ እኛ ወጣ። የእሷን በር ቀባ። ቅንጭቡ ዘንድ ሲደርስ ቆመና ባልዲውን አስቀምጦ እጁን በሣር ጠረገ። የእኔ በር ቀረ። ያን ጊዜ ደስ እንዳለኝ አልክድም፤ ወዲያው ደግሞ በደስታዬ አፈርሁ። ቤቴ ተረፈ፣ ጎረቤት ግን የለኝም ማለት ነው።

የእሷ ሰዎች ቁንዝላ ዘመድ ስላላቸው በታንኳ ሊሻገሩ ሆነ። የሄዱ ቀን ድመቷን ልትወስዳት ፈልጋ አገልግል ውስጥ ከተተቻት። ድመት መች ቤቷን ትለቃለች? ውሻ ሰው ይወዳል፣ ድመት ቤት ይወዳል። የአገልግሉን ክዳን ገፍታ፣ የባልየውን ክንድ ቧጭራ ወጣችና በዚያችው ቀዳዳ ወደ እኔ ግቢ ገባች። አማቲቱ ቶሎ በሉ ትላለች፣ ነፋስ ሳይነሳ እንሻገር ይላል ባልየው። ጎረቤቴ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ።

«አደራ እህቴ» አለችኝ። «ይቺን ድመት አደራ። ኢንሻአላህ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«እጠብቅሻለሁ» አልኋት። ድመቷን እጠብቃለሁ አላልሁም፤ የአፌ ነገር እንዲህ ወጣ። ታንኳዋ ከደንገሉ ጀርባ እስክትሰወር ቆሜ አየሁ። ከዚያ ገብቼ የአጥሩን ቀዳዳ ልደፍናት እሾህ አነሳሁና መልሼ ጣልሁት።

የቀሩትም በስምንቱ ቀን ውስጥ ነቅለው ሄዱ፤ ወደ ቁንዝላ፣ ከዘጌ ወዲያ፣ ወደ ቆላ ድባ። ሴቶቹ በደጄ ሲያልፉ እያንዳንዳቸው ድመቴን እይልኝ ይላሉ። እሺ እላለሁ። ሰው ሲሰደድ እሺ እንጂ ምን ይባላል? ቤቶቹ ፈረሱ፣ ምሰሶው ለማገዶ ተወሰደ፣ ድመቶቹ ግን እምቢ አሉ። ምድጃ የነበረበትን ጉልቻ እያሸተቱ በየፍርስራሹ ላይ ይቀመጣሉ። ወታደሮቹ መሬቱን ሲደለድሉ ደግሞ አንድ በአንድ በቅንጭቡ ቀዳዳ ይገቡልኝ ጀመር። በመጨረሻ የጎረቤቴን ሳልጨምር አሥራ አንድ ሆኑ። ሦስቱ ገና ዓይናቸውን የገለጡ ግልገሎች ናቸው፤ እናታቸው ምን እንዳገኛት አላውቅም።

አሥራ ሁለት ድመት በአንዲት ፈታይ ጓዳ! ባዘቶዬን ቦጫጨቁት፣ እንዝርቴን አሯሯጡት። የመንደሩ ምላስ ደግሞ አለ። ባሏ ሲሞት ድመት አገባች አሉኝ፤ እንዳልሰማ ሆንሁ። ያልቻልሁት ማብላቱን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እኔም ሸክሜን ለየቤቱ ላካፍል ተነሳሁ። አንድ ሁለቱን አገልግል ውስጥ እየከተትሁ፣ መንገዱን እንዳያዩ ክዳኑን በጠፍር አስሬ፣ ወደ ገጠር ወጣሁ።

አገልግል ይዛ የምትመጣ ሴት ሲያዩ ሰዎቹ ምን ይመስላቸዋል? የድግስ ምግብ ነዋ። ልጆች ሮጠው ይቀበሉኛል፣ እመቤቲቱ መደብ ጠርጋ ታስቀምጠኛለች። እንደምን ዋላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ ተባብለን ክዳኑን ስከፍት ድመት ብቅ ይላል። ስንቱ ፊት ሲጨማደድ አየሁ! ቢሆንም አይጥ የሌለበት ቤት የለም፣ አያባርሩኝም። ስጪን እንጂ ይላሉ። እኔ ደግሞ አልሰጥም፤ የሰው ናቸው፣ ባለቤቶቻቸው ሲመለሱ ይወስዷቸዋል፣ እስከዚያ አደራ እላለሁ። ይቺን ቃል ስናገር እጃቸውን ይሰበስባሉ። በሁለት ገበያ መካከል አሥር ያህል ቤት ዞሬ አንዲትም ድመት ሳላስቀምጥ ተመለስሁ።

ነገሩ የገባኝ አንዲት አሮጊት ዘንድ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የሚኖሩ፣ ጥርስ የሌላቸው፣ ምላሳቸው ግን የሁሉን ጥርስ የሚያህል ሴት ናቸው። ድመቷን ሆዷን ዳሰሱ፣ ጥርሷን አዩ፣ ወደዷት። አደራ ስላቸው ግን ከጭናቸው አንስተው አገልግሉ ውስጥ መለሷት።

«ልጄ፣ ድመት ስጪኝ፤ አደራ አትስጪኝ» አሉኝ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።»

በራቸው ላይ አንዲት ጥቁር ላም ታስራ ታመነዥካለች። ተናድጃለሁ፤ እግሬ ተላልጧል። የማን ላም ናት ብዬ ጠየቅኋቸው። የርቢ ናት፣ የሌላ ሰው ናት አሉኝ።

«ታዲያ ያቺን የሰው ላም ተቀብለው ይቺን የሰው ድመት ለምን እምቢ ይላሉ?»

«የርቢዋማ ብትሞት እግዜር ገደላት ይባላል» አሉ። «አደራ ከሞተች ገዳዩ እኔ ነኝ።»

ላሟን አየሁ። ከዚያ ጠፍሩን መልሼ ፈታሁ። «እንግዲያው ይቺም የርቢ ናት» አልኋቸው። «ያርቧት። የወለደችውን እኩል እንካፈላለን፣ እናቲቱ የባለቤቷ ናት።»

ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጎረቤት ጠርተው እንደገና አናገሩኝና እንደገና ሳቁ። ከዚያ ግን ፊታቸውን ጠርገው፣ እንደ ላም ውል ምስክር አስቀምጠው፣ መጀመሪያ የወለደችውን ማን ይመርጣል፣ ያልተካፈለ ቢቀር ለማን ይሆናል እያሉ በደንቡ ተዋዋሉኝ። ድመቷ ቀረች። ባዶ አገልግል ይዤ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ለብቻዬ እየሳቅሁ ነበር፤ ይህን የምነግራት ጎረቤት እንደሌለችኝ ትዝ ያለኝ ቅንጭቡ ዘንድ ደርሼ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀና። ርቢ ያልሁት ቤት ሁሉ ይስቃል፣ ከሳቀ በኋላ ይቀበላል። ዘጌ ሦስት ወሰዱልኝ፤ ቡና የሚያደርቁበት አልጋ ሥር አይጥ መከራ አሳይቷቸው ነበር። ከደሴት ገዳም ለመጻሕፍቱ ብለው አንድ መነኩሴ መጡና ሴት እንስሳ ወደ ደሴቱ አይገባምና ወንድ ወንዱን ስጪኝ አሉኝ። ሁለት ሰጠኋቸው። ወንድ አይወልድም፣ በምን ርቢ እንላለን ብዬ ብጠይቃቸው፣ በጸሎት እንካፈላለን አሉኝ። ከሁለቱ አንዱ ከመነኮሳቱ ማዕድ ዓሣ መስረቁን በኋላ ሰማሁ፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ አይደል? አንዲቱ ቀይ ድመት ደግሞ እኔን ሳታማክር የጣልያን ወጥ ቤት ገባች። ባንዳ አልናት። ከሁሉም የወፈረችው እሷ ናት።

ያስቸገረኝ ጾሙ ነው። ቅበላ ሲደርስ የክርስቲያን ቤት ሥጋው ያልቃል፣ ወተቱ ይቀራል፣ ሁዳዴን ሙሉ ድመቱ ምን ይቀምሳል? በሹሮ የሚያድግ ግልገል የለም። ስለዚህ እናት የሌላቸውን ሦስቱን ለሁዳዴ ወደ ላይ ሸሽተው ሐይቁ ዳር ለሰፈሩ እስላም ዓሣ አጥማጆች አስገባኋቸው። እነሱ ድመት ማባረር ነውር ነው ይላሉ፤ የዓሣ አንጀት ሳይሰስቱ ሰጧቸው። ፋሲካ ሲፈታ ሄጄ አወጣኋቸውና ወተት ላለው ክርስቲያን ቤት ሰጠኋቸው። ያገሬ ሰው በጦርነቱ ግራ ተጋብቶ ሳለ እኔ የጾም ወር እየቆጠርሁ ድመት አጓጉዛለሁ። ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ግን ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ?

የጎረቤቴን ድመት ግን ለማንም አልሰጠሁም። ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ አይጥ አያያዟን አይተው የማን ናት ይሉኛል። የሰው ናት እላለሁ። እንግዲያው በርቢ ስጪን ሲሉኝ፣ ይቺ የርቢ አይደለችም፣ ይቺ አደራ ናት እላለሁ። ለሌላው ሰው አደራን ወደ ርቢ ለውጬለት ቀለል አደረግሁለት፤ የራሴን ሸክም ግን ማቅለል አልፈለግሁም። እውነቱን ልናገር፤ ድመቷ ከእኔ ጋር እስካለች ድረስ ጎረቤቴ የምትመለስበት ምክንያት አላት ብዬ ነው። ባዶ ቤት ማን ይመጣል? ድመቷ ካለች ግን መምጣት አለባት።

እንግዲህ ያላሰብሁት ነገር መጣ። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሰሞን፣ ያቺ ጥርስ የሌላቸው አሮጊት ራሳቸው በምርኩዝ እየተደገፉ በሬ ላይ ቆሙ። ቅርጫት ይዘዋል። ክዳኑን ሲያነሱት ሁለት ግልገል። ድርሻሽ ነው አሉኝ። አራት ነው የወለደች፣ አንቺ መምረጥ ነበረብሽ፣ እኔ ግን ዓይኔ ደከመና መልኩ የጠራውን ለአንቺ አደረግሁት አሉ። አፌን ያዝሁ። እኔ ያን ሁሉ ርቢ ያልሁት እንዲቀበሉኝ ብዬ እንጂ ድርሻ ይመጣልኛል ብዬ አይደለም! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እያልሁ በራሴ ስቀልድ ነበር። ያገሬ ገበሬ ግን በውል አይቀልድም። ከዘጌ በታንኳ ሦስት መጣ፤ ከባለ ወተቱ ቤት አንድ፤ ከሌላ ቀበሌ ደግሞ አንድ ሰው ድመቷ ሦስት ወልዳ ለሁለት አልካፈል ብሎት፣ አንዱን በሚቀጥለው እንተሳሰባለን ብሎ አመጣ። ጓዳዬ እንደገና ሞላ። እኔም እንደገና አገልግሌን አንስቼ ወጣሁ፤ እነዚያም በርቢ ገቡ፤ እነሱም ወለዱ።

እንዲህ ሲሆን ዓመታቱ አለፉ። በአገሩ ሁሉ የድመቷ ሴት ተባልሁ። የሚመረኝ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን ቅርጫት ይዞ የሚመጣ ሰው እጠብቅ ነበር። ግልገሎቹን አይደለም፣ ሰውን። ሰው መጥቶ በሬን ሲመታ፣ ገብቶ ሲቀመጥ፣ እናቲቱ እንዴት እንደወለደች፣ የት ጥግ እንደወለደች ሲያወራኝ፣ ቆሎ አቀርብለትና ቶሎ እንዳይሄድ ስለ እያንዳንዷ ድመት እየደጋገምሁ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ይገባዋል፣ ይቆይልኛል። አንዳንዱ ቅርጫቱን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ መንገድ አለብኝ ይላል። ያ ቀን በጣም ይረዝማል።

ከጎረቤቴ መጀመሪያ ዓመት ላይ በቁንዝላ ታንኳ ሰላምታ መጣልኝ፤ ደህና ነን፣ ልጅ ወለድሁ ብላለች። ስለ ድመቷ ምን አለች ብዬ ታንኳ ነጂውን ጠየቅሁት። የሰላምታ ታንኳ እንጂ የድመት አይደለም አለኝ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ቁንዝላን ለቀው ወደ ቆላ ድባ ሄዱ፣ እህል ይነግዳሉ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ዝም ሆነ።

ድመቷ አረጀች። ጥርሷ አለቀ፣ ዝናብ ሲመጣ ከምድጃው አትርቅም። በመጨረሻው ክረምት አንዲት ብቻ ወለደች፤ እንደራሷ አመድማ። ልጅቱ ጡት በጣለች በወሩ እናቲቱን ጠዋት ስነሳ ከመደቡ ሥር ደርቃ አገኘኋት። አለቀስሁ፤ ለባሌ ካለቀስሁት የሚበልጥ ይመስለኛል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከቅንጭቡ ወዲያ ወታደር ስለነበር በቀዳዳዋ ሥር፣ በእኔ ወገን ቀበርኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ሆነ፤ ጎረቤቴ ስትመጣ ምን እላታለሁ? አደራ በላ የሚለው ስድብ ከሌባም ከባንዳም ይከፋል። እየፈተልሁ ንግግሬን አዘጋጃለሁ፤ በእርጅና ነው የሞተች፣ አንድ ቀን አልራባትም፣ ልጇ ይቻት፣ ፊቷን ተመልከች እላታለሁ። ቃላቱን ስለዋውጥ ስንት ልቃቂት ፈተልሁ መሰላችሁ! ልጅቱንም ለማንም አልሰጠሁም። ሰው የማን ናት ሲለኝ የሰው ናት እላለሁ። ስም እንኳ አላወጣሁላትም፤ የሰው ድመት እኔ ምን አግብቶኝ? ውሮ፣ ውሮ ብቻ እላታለሁ።

ጣልያን ወጣ። የሰፈሩን አጥር ሰው አፈረሰው፣ ቆርቆሮው በአንድ ሳምንት አለቀ። የተሰደዱት ጥቂት በጥቂት ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ የድሮ ቦታቸው ላይ ጎጆ ቀለሱ። ድመቴ አለች ወይ ብለው መጡ። ከአሥራ አንዱ የስምንቱ ባለቤቶች መጡ። ይዣቸው በየመንደሩ ሄድሁ፤ የርቢውን ቤት አሳየኋቸው፤ እናቲቱ ያለችበት እናቲቱን፣ የሞተችበት ልጇን አስረከብሁ። ያቺ አሮጊት ሞተዋል፤ ልጃቸው ግን ውሉን ያውቃል፣ ምስክሮቹን ጠራ፣ ድመቷን አስረክቦ አንዲት ግልገል በምርቃት ጨመረ። አንዲት ሴት ድመቷን ስታይ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከቤቴ የቀረኝ አንቺ ብቻ ነሽ እያለች አቅፋት አለቀሰች። እኔ ቆሜ አየኋት። የእኔም ተራ ይደርሳል አልሁ።

ከዓመት በላይ ጠበቅሁ። አንድ ቀን ከገበያ መልስ ሳለሁ፣ ገና ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ፣ በበሬ ላይ አንዲት የሰባች፣ ጥሩ ሻሽ ያሰረች ሴት ቆማለች። ድምፅዋን ባልሰማ አላውቃትም ነበር። ባልየው የድሮ ቦታቸውን ለማየት መጥቶ፣ እሷ እስኪመለስ እኔ ዘንድ ልትቆይ ነው። በቀዳዳዋ አልገባችም፤ በዋናው በር ነው የገባች። ተሳሳምን፣ ተላቀስን። ወተት አቀረብሁላት። ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፤ ሦስት ናቸው። ስለ ቆላ ድባ ነገረችኝ፤ ስለ ጤፉ፣ ስለ ጎተራው፣ ዘንድሮ ነቀዙ እንዳስቸገራቸው። እኔ እሺ፣ እሺ እላለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ምላሴ ላይ ነው፤ ወሬዋን እስክትጨርስ እጠብቃለሁ።

ይህን ጊዜ አመድማይቱ ከጓዳ ወጥታ ቀጥ ብላ ወደ እሷ ሄደች። አወይ፣ ደም ያውቃል አልሁ በልቤ። ጎረቤቴ ቀሚሷን ሰበሰበችና በእግሯ ገፋ አደረገቻት።

«ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» አለች።

«የድመትሽ ልጅ ናት» አልኋት።

ወተቱን ከአፏ አወረደችና አየችኝ።

«የምን ድመት፣ እህቴ?»

ፊቷን ፈለግሁት። እየቀለደች እንደሆን ብዬ ዓይኗን አየሁ። አልነበረም። ምንም አልነበረም። ስደት አለ፣ ልጅ መውለድ አለ፣ ሌላ ስደት አለ፤ ከዚያ ሁሉ መካከል አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ ድመት የት ትገኛለች? ዛሬ ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን አልገባኝም።

«ምንም አይደል» አልኋት። «እዚህ ሰፈር ትዞር የነበረች አንዲት ድመት ነበረች።»

«እኔ ድመት አልወድም» አለችና ስለ ነቀዙ ቀጠለች።

ባልየው ከደጅ ጠራት። ተነሳችና እንደገና አቀፈችኝ፤ እጄን እንደዚያ ቀን በሁለት እጇ ያዘችኝ።

«አደራ እህቴ፣ አትጥፊብኝ» አለችኝ። «አደራ ብቅ በይ።»

እሺ አልኋት። አልቀየምሁም፤ ሁላችንም በየቀኑ በየደጃፉ የምንለው ቃል ነው። ሸኝቻት ስመለስ ቅንጭቡ ዘንድ ትንሽ ቆምሁ። ከዚያ እሾህ ቆርጬ ቀዳዳዋን ደፈንሁ፤ እጄ ደማ፤ ግን ደህና አድርጌ ደፈንኋት።

በሳምንቱ ከዘጌ መንገድ አንዲት ሴት ቅርጫት ይዛ መጣች። ድርሻ አይደለም፣ ባዶ ነው፤ ድመት ፈልጋ ነው። አመድማይቱ መደቡ ላይ በፀሐይ ተኝታለች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየቻት፣ ጀርባዋን ዳሰሰቻት፣ ይቺስ የማን ናት አለችኝ።

«የኔ ናት» አልሁ። «እሷን አልሰጥም።»